የማይነሳው ግራ እጅ

በደርግ ጊዜ ነው። ቡልቡላ፣ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለመፈክር ግራ እጁን ሲያነሳ እኔ ቀኜን አነሳሁ። ካድሬው አየኝ። «አንተ፣ ግራህን አንሳ።» «አይነሳም» አልኩት። «አድኃሪ ስለሆንክ ነው» አለና ይዘውኝ እንዲሄዱ ሁለት ታጣቂ ጠራ። ይሄኔ ወጌሻዋ አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው ካድሬውን እንዲህ አሉት። «ልጄ፣ አድኃሪ አይደለም፣ ግትር ነው። በሬ ጥሎት ትከሻው ወለቀ፣ መለስኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ፍታና አንቀሳቅሰው ብዬው ነበር፤ እሱ አጨዳው እስኪያልቅ አስሮት ከረመ። ጅማቱ እንዳልለፋ ቆዳ ደርቆበታል። በየቀኑ ጣቱን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ቢያስኬድ ይለቅለታል።» ሰው ሳቀ። እኔ ተናደድኩ፤ እውነታቸውን ነዋ።

ካድሬው ታጣቂዎቹን መለሳቸው። «እንግዲያው በየጠዋቱ እዚህ መጥተህ እኔ እያየሁህ ታስኬዳለህ» አለኝ። እርሻዬን ትቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ የማኅበሩን ግድግዳ በጣቴ ወጣሁ። በመጨረሻ እጄ ከራሴ በላይ አለፈ። ካድሬው በስብሰባ አቆመኝና «አብዮቱ ፈወሰው» አለ። አዴ ጫልቱ «የፈወስኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሲከራከሩ ዋሉ፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።