ዝሆን የማይሰብረው ጣሪያ

ኦክላንድ ያለው ቤቴ ማፍሰስ ስለጀመረ ዝናቡ ሳይመጣ ጣሪያውን መቀየር ነበረብኝ። ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የጣሪያ ታይል የሚሸጥ የማኅበራችን አባል "ሳያዩ አይፈርሙ" ብሎ ሳን ሆዜ፣ ቀድመው ያስገጠሙት ጋሼ መኮንን ቤት ወሰደኝ። "እንኳን ንፋስ፣ ዝሆን ቢቆምበት አይሰበርም!" አለኝ ግቢው ውስጥ። ጋሼ ይሉኝታ ይዟቸው "ያምራል" ብቻ አሉ። በእርግጥም ያምራል።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ግን መሰላል እየጎተቱ መጡ። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንግዲያው ውጣና አሸንዳው ላይ የተከመረውን ቅጠል ጥረግልኝ።"

"እንዴ እትዬ! እሱ እኮ አይረገጥም፤ ይሰነጠቃል" አለ ደንግጦ።

ዝሆኑ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። መጠየቅ የገዢ ሥራ ነውና "ቢሰነጠቅስ ማን ይጠግነዋል?" አልኩት።

"እኔን ኮል ማድረግ ነው! በማግስቱ ከች እላለሁ።"

እትዬ ወደ አንዷ የተሰነጠቀች ታይል በጣታቸው አመለከቱ። "ከፋሲካ ጀምሮ ኮል ስናደርግለት ከርመን፣ ይኸው ዛሬ ደንበኛ ይዞ መጣ።"

ሳልፈርም በሱው መኪና ወደ ኦክላንድ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ትራፊኩ ብቻ አወራን።