ውሃ የጠጣው አኩሪ አተር

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሾፌሩ ከሥሩ ሲገባ፣ ተሳፋሪው ሁሉ መካኒክ ይመስል ዙሪያውን ከቦ ምክር መስጠት ጀመረ። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ስለሌለ ጥላ ፍለጋ ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ባለ ሰፊ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተከደነ መጋዘን ነበር፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። በር አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠች ወጣት ገና ሳልናገር ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«አረፍ ይበሉ፣ ፀሐዩ አይቻልም» አለችኝ።

በሥራዬ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሌሎች ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጬ መስማት እንጀራዬ ስለሆነ፣ በሰው ጨዋታ መካከል ዝም ብሎ መቀመጥ አይከብደኝም። በዚያ መጋዘን የሰማሁትን ግን በብዙ ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ትምህርት የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለብቻዬ ይዤው ልቀር አልፈለግሁም።

ወጣቷ ግብርና ተምራ የተመለሰች የአኩሪ አተር አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ከጀርባዋ በእንጨት ርብራብ ላይ ጆንያዎች እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። የአካባቢው ገበሬዎች እስከ ዛሬ እህላቸውን የሚሸጡት እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ መንገድ ዳር ለሚቆም ነጋዴ ነበር። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ሰብስበው በቀጥታ ለዘይት ፋብሪካ ሊሸጡ ነው። የፋብሪካው መኪና በማግስቱ ጠዋት ይመጣል። ፋብሪካው የጠየቀው ደረቅ እህል ነው፤ ከጭነቱ ውስጥ እርጥብ ጆንያ ከተገኘ መኪናው እንዳለ ይመለሳል፣ ውሉም በዚያው ይፈርሳል።

ይህን እየነገረችኝ በጆንያዎቹ መካከል እየተዘዋወረች እጇን ወደ ውስጥ ትሰድ ነበር። አንዱ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። እጇን አወጣች፣ መልሳ ከተተች፤ ከዚያ ወደ ውጭ ተጣራች።

«አጎቴ! እስቲ አንድ ጊዜ ይምጡ!»

የጆንያ መስፊያ መርፌ በእጃቸው የያዙ ቀጭን ሽማግሌ ገቡ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከነጋዴ ጋር በሚዛን ሲጣሉ ስለኖሩ አገሩ የሚያውቃቸው «ባለሚዛኑ» በሚል ስም ነው። ባለፈው ዓመት አኩሪ አተርን በትንሽ መደብ ላይ ዘርተው የሞከሩት እሳቸው ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም ከበቆሏቸው መሬት ከፍለው የዘሩት እሳቸውን አይተው ነው።

«እጅዎን እዚህ ይክተቱ» አለቻቸው።

ከተቱ። «እህል ነው።»

«ይሞቃል፣ አጎቴ።»

«ቆርቆሮው እኮ ዛሬ እሳት ነው። እኔስ መቼ በረደኝ?»

«ወዲያ ማዶ ያለውም ከዚሁ ቆርቆሮ ሥር ነው። እሱ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

ልጅቷ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ሁለት ደረቅ ጠርሙሶችና ጨው አወጣች። ባንደኛው ከሚሞቀው ጆንያ፣ በሌላው ከቀዝቃዛው ጆንያ እህል ጨመረች፤ በሁለቱም ላይ ደረቅ ጨው ነሰነሰችና ከድና ደህና አድርጋ ናጠቻቸው። የቀዝቃዛው እህል ባለበት ጠርሙስ ጨው እየተንሸራተተ ወደ ታች ወረደ። የሚሞቀው ባለበት ግን ከመስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጨው የሚጣበቀው እህሉ እርጥበት ሲኖረው መሆኑን ለእኔ ለእንግዳው አስረዳችኝ።

«ደግሞ በጨው ልትመረምሪኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ጨው ለማንም አያደላም፣ አጎቴ። ጆንያው የእርስዎ ነው።»

ባለሚዛኑ በአንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። «እሺ፣ ረጨሁበት። ለስሙ ያህል ነው፤ አንድ ጣሳ አይሞላም።»

የሌባ አንገት መድፋት እጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ነው የተናገሩት።

«ስሚኝ ልጄ፤ ነጋዴው ሲመዝን በጉልበቱ ሚዛኑን ከሥር ደገፍ ያደርገዋል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስናገረው ‹አባቴ፣ ዓይንዎ ደክሟል› ይለኛል። ለማን አቤት ልበል? እሱ በጉልበቱ ያነሳብኝን እኔ በውሃ እመልሳለሁ። የራስን ማስመለስ ሌብነት ነው? አባትሽም እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንቺም የተማርሽው በዚሁ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ይመስላሉ፤ እስቲ ይፍረዱን።»

«እኔ እንኳ እንግዳ ነኝ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው ግማሽ በግማሽ አሳምኖኝ ነበር።

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባቴ ማድረጉን አውቃለሁ፤ አልረሳውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነጋዴው እንደምትረጩ ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም! አብረን ነው ያረጀነው።»

«ካወቀ እንግዲህ ዋጋ ሲጠራ ውሃውን አስቀድሞ ቀንሶ ነው የሚጠራው። ለመጣው ሁሉ ነው ደግሞ፤ ያልረጨውም ሰው እንደረጨ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። ስለዚህ የውሃዎን ዋጋ የከፈለው ነጋዴው አይደለም። ደረቅ እህል ይዞ የመጣው ጎረቤትዎ ነው።»

ሽማግሌው መርፌውን በጣታቸው መካከል አገላበጡት። «ታዲያ ያልረጨው ሞኝ ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

«ሞኝ ያደረግነው እኛ ነን፣ አጎቴ።»

«ፋብሪካውስ? ፋብሪካው ጉልበት የለውም?»

«ለዚህ እኮ ነው የራሳችንን ሚዛን ያመጣነው። እህሉ ከዚህ ሳይወጣ በእኛ ሚዛን ይመዘናል፤ እዚያም ሲደርስ የእኛ ሰው ቆሞ ያያል። ማኅበሩ እርስዎ እንዲቆሙ የመረጠዎት በሚዛን ማንም እንደማያታልልዎት ስለሚያውቅ ነው። ውሃ የጠጣ እህል ይዘው ሄደው በማን ሚዛን ላይ ሊጮሁ ነው?»

ይህ ነገር እንደነካቸው አየሁ። ቢሆንም የኖሩበትን ልማድ በአንድ ቃል የሚጥሉ ሰው አይደሉም። «ጥቂት እርጥበት ምን ያደርጋል? ታናፍሺዋለሽ፣ ይደርቃል» አሉ።

«ለዘር ያስቀመጡት አለ?» አለች ልጅቷ።

«አለ፤ ቤቴ ነው።»

«እሱንስ ረጭተውበታል?»

«አብጃለሁ እንዴ! በዘር ላይ ውሃ ይረጫል? ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ብትዘሪው እኮ አይበቅል...» አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አቆሙ።

ብዙ አስተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ «አላልኩም?» ብሎ ተማሪውን ያሸማቅቃል። እሷ ግን ሰውዬው ከገዛ ቃላቸው ጋር እንዲፋጠጡ ተወቻቸው። በእኔ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብትሆን ኖሮ ስለ እሷ ደህና ነገር እጽፍ ነበር።

ባለሚዛኑ «ከኔ ጆንያ ሥር የተደረደረው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የእትዬ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

እትዬ የምትላት ባሏ በቅርቡ የሞተባት ጎረቤታቸው ናት። እርሻዋ ደክሞ በቆሎ አልሰጥ ሲላት ለሌላ አከራይታ ለመሄድ ጓዟን ጠቅልላ ነበር። «አትሂጂ፣ አኩሪ አተር ዝሪበት፣ ይሄ ሰብል መሬት ያድሳል» ብለው ያስቀሯት ባለሚዛኑ ናቸው። የዓመቱ ምርቷ በሙሉ እዚያ ተደርድሯል።

ሁለቱ ተጋግዘው የላይኞቹን አወረዱ። ከሥር ያሉት የሴትዮዋ ጆንያዎች ለብ ብለዋል፤ አንዱን ሲፈቱት የሻጋታ ሽታ አፍንጫችንን መታው። ይህን ጊዜ ነው ባለቤቲቱ ራሷ በበሩ የገባችው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሳይጫን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

ሽማግሌው ተነሱ። ሰበብ ይፈልጋሉ ብዬ ነበር፤ አልፈለጉም። «የኔ እህል ያንቺን አበላሸብሽ። ውሃ ረጭቼበት ነበር» አሉ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጇን ከተተችና ለረጅም ጊዜ አላወጣችውም። ስትናገር ወደ ማንም አልተመለከተችም።

«እኔም ልረጭ ነበር» አለች። «ጣሳውን አንስቼ ነበር። ከዚያ ያኔ ‹በዚህ እህል ቀና ብለሽ ትኖሪያለሽ› ያሉኝ ትዝ አለኝና አፈርኩ። መልሼ አስቀመጥኩት።»

ባለሚዛኑ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወደ ግቢው ወጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ውጭ ለመኪናው መቆሚያ ሲጠርጉ የነበሩትን ጎረቤቶች ጠርተው ሰበሰቧቸው።

«በቆሎ በበቆሎ ላይ እየዘራን መሬታችንን አድክመን ነበር» አሉ። «አምና አኩሪ አተር በነበረበት መደቤ ላይ ዘንድሮ የበቀለውን በቆሎ በዓይናችሁ አይታችኋል። ቆልተን፣ ፈጭተን፣ ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቅለን የሰጠናቸው ልጆች ፊታቸው መለስ ብሏል። ለየብቻ ስንሸጥ ነጋዴ የጠራውን ተቀብለን እንሄድ ነበር፤ አብረን ስንቆም እኛም ዋጋ ጠርተን ሰሚ አገኘን። ይህን ሁሉ እኔ በአንድ ጣሳ ውሃ ላጠፋው ነበር። የዚህችን ጎረቤታችንንም እህል አበላሸሁ፤ የጎደለባትን ከኔ እሞላለሁ፣ በቤቴ ያለውም ደረቅ ዘር የሷ ነው። የኔ ጆንያ ነገ አይጫንም። ከእናንተም መካከል የረጨ ካለ ማን ነህ አልለውም፤ ጆንያውን ያውጣ።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው መሬት መሬት አየ። ጸሐፊዋ በሩን ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ቃል የገባችው ሙሉ ጭነት ነው፤ መኪናው ጎድሎ ቢሄድ ፋብሪካው ምን እንደሚል አታውቅም። በመጨረሻ አንድ ባለባርኔጣ ጎልማሳ ማንንም ሳያይ ወደ ውስጥ ገባና ጆንያ እየጎተተ ወጣ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች ወጡ፤ ከዚያም ቀጥ ብለው ቆመው ያዳምጡ የነበሩት የማኅበሩ ሊቀ መንበር። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ግቢው በሸራና በአኩሪ አተር ተሸፈነ፤ መራመጃም ጠፋ።

አውቶቡሳችን በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ስላልተነሳ መኪናው ሲጫን አየሁ። ከሙሉ ጭነት እጅግ ጎድሎ ሄደ። ባለሚዛኑ ለሚዛኑ አብረው እንዲሄዱ ቢለመኑ «እህሌ ሳይደርቅ የትም አልሄድም» ብለው ሴትዮዋን በቦታቸው ላኩ። ጸሐፊዋ ስልኳን በእጇ ጨብጣ ስትንጎራደድ ዋለች።

ስልኩ ሲጠራ ወዲያው አነሳችው። ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ ደግማ «እሺ» አለች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ሸፍና ወደ አጎቷ ዞረች።

«እትዬ ናት። ሁሉንም ጆንያ በመመርመሪያ እየወጉ አዩት፤ አንድም አልመለሱም። ሚዛኑም ከኛው ጋር ገጠመ። ሰዎቹ ደግሞ የቀረውን መቼ ትልካላችሁ ይላሉ።»

ሽማግሌው ሸራው ላይ በርከክ ብለው እህሉን በመዳፋቸው እያገላበጡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ሲደርቅ፣ በያቸው» አሉ።