ኳንተምና የጋሽ ዓለማየሁ ቁልፍ

በ2010 ዓ.ም. መግቢያ አንድ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ እንደ ልማዴ በመስኮቱ እያየሁ በሐሳብ ስነጉድ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። አንደኛው በደሴው ሆጤ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡት፣ የአንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ዓለማየሁ ናቸው። ሌላዋ ሊድያ፣ በልጅነቷ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሯት፣ አሁን ኮምቦልቻ የኮምፒውተር ምህንድስና የምትማር ወጣት ነች።

«ሊዲ! ትምህርቱ ዋጠሽ እኮ! ከጸሎት ጠፋሽ።»

«ፈተና ነው ጋሼ። እርስዎን ደግሞ ምን ያወርድዎታል?»

«አንዲት እህት ልጠይቅ ነው» አሉ። ስሟን አልጠሩም።

የሾፌሩ ራዲዮ ስለ ሳይንስ ያወራል። ወደፊት የሚሠራ ኃይለኛ የኳንተም ኮምፒውተር፣ ዛሬ የኢንተርኔት ምስጢር የተቆለፈባቸውን ብዙ ቁልፎች ሊፈታ እንደሚችል ሲናገር አቶ ዓለማየሁ ሳቁ።

«ሰማሽ? ቁልፍ፣ ቁልፍ ስትሉን ከርማችሁ መጨረሻው ይኸው! ለሚሰበር ነገር ምን ያደክማል? እኔ ፌስቡኬን የቆለፍኩት በዮሐንስ ሦስት አሥራ ስድስት ነው። ከከፈትኩት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም።»

«ጋሼ! የይለፍ ቃልዎን ለመኪናው ሁሉ ነገሩት እኮ!»

ከጎናቸው የተቀመጡት የሱቃቸው ደንበኛ ወይዘሮ ሳፊያ ዞር አሉ። «ወላሂ እኔ አልሰማሁም። ግን ሱቅዎ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልተበገሩም። «ምን አለበት? የጸሎት ቡድናችን ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ችግሩን ይጽፍልኛል፤ እኔ ባይመቸኝ ወንድሞች ገብተው ያነቡና ይጸልዩበታል። በወንድማማች መካከል ምን የሚደበቅ ነገር አለ?»

ሊድያ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የአቶ ዓለማየሁ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያናግሩት፤ የሴቲቱ ንግግር ለሁላችንም ተሰማ።

«ጋሼ፣ ተናኘ ነኝ። አድራሻሽን ላኪልኝ ያሉኝን እየጻፍኩልዎት ነው። ግን ብቻሽን ነሽ ወይ ብለው ለምን…»

ተቆረጠ። የሐረጎ ተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ውስጥ ገብተን ነበር።

«እኔ አድራሻ አልጠየቅኋትም» አሉ አቶ ዓለማየሁ። ደግመው ደወሉ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ሞከሩ። የለም። ስልኩ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ፤ ሊድያ አነሣችላቸው።

ነገሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። ተናኘ የቤተ ክርስቲያናቸው አባል ነች። ባሏ አግማስ ክንዷን ከሰበራት በኋላ ሸሽታ ኮምቦልቻ ተደብቃለች። በቅርቡ ቤት ስለቀየረች አዲሱን እሳቸውም አያውቁትም፤ መናኸሪያ መጥታ ልትቀበላቸው ነበር ቀጠሮው።

«ሃከር ነው!» አሉ። «ይኸው፣ ራዲዮኑ ያለው ደረሰ!»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ አግማስ የጸሎት ቡድኑ ውስጥ ነበር?»

ሽማግሌው ስልኩን ከእሷ ተቀበሉ። መኪናው አንድ ኩርባ ዞረ።

«ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ከሚስቱ ከተጣላ ወዲህ ቀረ።»

«ሲቀር የይለፍ ቃሉን ቀየሩት?»

«ለምን እቀይረዋለሁ? ወንድም ነበር እኮ!»

«እንግዲያው ሃከር አያስፈልገውም። እርስዎ በሰጡት ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ፣ በእርስዎ ስም እየጻፈላት ነው።»

አነጋገሯ ለሽማግሌ የሚገባው አልነበረም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት እውነቱን አለሳልሶ መናገር ተናኘን መጉዳት ነበር እላለሁ።

አቶ ዓለማየሁ ለሽንፈት እጅ አልሰጡም። «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው? በዚያ ኳንተም በምትሉት ማንም ጠልፎ የማይሰማው መልእክት ይላካል ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ቢኖረን ይሄ ይደርስብን ነበር? እሱ እስኪመጣ ስልኩን ጥዬ መቀመጥ ነው የሚሻለኝ!»

«ኳንተም ሁለት ወገን አለው፣ ጋሼ። አንደኛው ራዲዮኑ ያለው ነው። የዛሬው ቁልፍ የቆመው በከባድ ስሌት ላይ ነው። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ውጤቱን ብቻ አይቶ ከየትኞቹ እንደመጣ ማወቅ ግን ለተራ ኮምፒውተር ዘመን ይፈጅበታል። ኃይለኛ የኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ ይህንን ይፈታዋል። ስለዚህ እሱም የማይፈታው አዲስ ስሌት ከወዲሁ እየተፈለገ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ቁልፉን በብርሃን ቅንጣት መላክ ነው። ቅንጣቷን መንገድ ላይ ሰርቆ ሊያያት የሞከረ ሰው ሳያውካት ማየት አይችልም። ባለቤቶቹ መታወኳን ያያሉ፣ ያንን ቁልፍ ይጥሉታል። ቻይናዎች በሳተላይት ሳይቀር ሞክረውታል።»

«ይኸውልሽ! እኔስ ምን አልኩ?»

«መንገዱን ነው የሚጠብቀው፣ ጋሼ። አግማስ ግን መንገድ ላይ አልሰረቀም። በርዎ ላይ ቆሞ በቁልፍዎ ነው የገባው። የዓለም ኳንተም ሁሉ ቢሰበሰብ እርስዎ በእጅዎ የሰጡትን ቁልፍ አያስመልስም። ደግሞስ ኳንተሙ ሆጤ እስኪደርስ ተናኘ ትጠብቃለች?»

ወይዘሮ ሳፊያ «ያረቢ!» አሉ። ሾፌሩ ራዲዮውን ዘጋ።

ኩርባው ሲያልቅና የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤቶች ብቅ ሲሉ ኔትወርኩ መጣ። አቶ ዓለማየሁ ደወሉ። መስመሩ ተይዟል። ደግመው ደወሉ። ተነሣ።

«ጋሼ፣ ልኬልዎታለሁ እኮ። ‹ሰፈሩ ገብቻለሁ፣ በሩን ክፈቺ› ብለው ስለጻፉልኝ ልከፍትልዎ ነበር…»

«አትክፈቺ!» መኪናው ሁሉ ደነገጠ። «እኔ ገና ሐረጎን መውረዴ ነው! አግማስ ነው!»

ከስልኩ ውስጥ የበር መወርወሪያ ሲቆለፍ ተሰማ። ከዚያ «በጓሮ በጎረቤት በኩል መውጫ አለ» አለች።

«ውጪ፣ ልጄ! ምንም አትያዥ!»

«እሺ፣ የምሄደው እነ…»

«አትንገሪኝ!» አሉ። «ለእኔም አትንገሪኝ! ሂጂ ብቻ!»

ስልኩን ዘግተው ለሊድያ ሰጧት። ሊድያ ጊዜ አላጠፋችም። ተናኘ የላከችውን አድራሻ አነበበችላቸው፤ በእሳቸው የይለፍ ቃል በሌላ ስልክ የገባውን ሁሉ ከፌስቡካቸው አስወጣችና ስልኩን መለሰችላቸው። «አዲሱን የይለፍ ቃል እርስዎ ይጻፉ። ረዘም ያለ፣ ማንም የማይገምተው ይሁን። ጥቅስ አይሁን። እኔ ልዙር።»

«አንቺን ደግሞ ምን እደብቅሻለሁ?»

«እኔንም ይደብቁኝ።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ሽማግሌው በኮታቸው ከልለው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ጻፉ።

መናኸሪያ ሳንደርስ ወረድን፤ እኔም ብቻቸውን ልተዋቸው ስላልሆነልኝ ተከተልኳቸው። ተናኘ ማምለጧን ለማየት በባጃጅ ወደ ላከችው አድራሻ ተጉዘን ስንደርስ አንድ ጎልማሳ የግቢውን በር በቡጢ ይመታል። አግማስ ነበር። አቶ ዓለማየሁን ሲያይ መምታቱን ተወ።

«የት ደበቋት?»

«ሂድ ወደ ቤትህ፣ አግማስ።»

«እርስዎ አይዋሹም። አውቅዎታለሁ።» ቀረባቸው። «በጌታ ፊት ይንገሩኝ፣ የት ናት?»

ሊድያ ክንዴን ያዘች። ሽማግሌው ዓይኑን ትክ ብለው አዩት።

«በጌታ ፊት፣ አላውቅም።»

አግማስ ፊታቸውን ሲመረምር ቆየ። ውሸት ቢኖርበት ያገኘው ነበር። ጎረቤቶች መውጣት ሲጀምሩ ምራቁን ተፋና ሄደ። እኛም ያየነውን ለመመስከር በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

በመንገዳችን ላይ አቶ ዓለማየሁ ያለማቋረጥ ተናገሩ። «የሄደችበትን ባውቅ ኖሮ ዛሬ ወይ እዋሽ ነበር፣ ወይ እሷን አሳልፌ እሰጥ ነበር። የሁሉን ምስጢር መያዝ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ ለቡድኑ ጉዳዩ ይነገራል፤ ስምና ቦታ ግን አይነገርም፤ ጌታ ያውቀዋልና። ቡድኑን የተወ ሰው ሲኖር ቁልፉ በዚያው ቀን ይቀየራል። ያ ደግሞ ባጃጁ ውስጥ፣ በስልኬ የሚላክ ቁጥር ያልሽኝ ምንድን ነበር?»

«ሁለተኛ ማረጋገጫ። የይለፍ ቃሉን ያወቀ ሰው እንኳ ስልክዎ በእጁ ከሌለ አይገባም።»

«እሱንም አስተምሪኝ። እንግዳ ነገር በስሜ ሲጻፍላቸውም፣ ደውለው ድምፄን ሳይሰሙ እንዳይመልሱ እነግራቸዋለሁ።»

«የኳንተሙ ዘመን ሲመጣስ፣ ጋሼ?»

«ደግ ነው፣ ይምጣ፤ መንገዱን ይጠብቅልን። ቤቱን እኛ እንጠብቃለን።»

እንዲህ ያለው ለውጥ ወጪ የለውም። ሰው ለወዳጁ ሲል ከወዳጁም የሚሸሽገው ነገር እንዳለ መቀበል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይህን የተቀበለ ቤት ዛሬም ይጠበቃል፤ ነገም አዲሱ ጥበብ ሲመጣ ይጠቅመዋል።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስልካቸው ጮኸ። ተናኘ ነበረች።

«ጋሼ፣ ደርሻለሁ።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

የት ብለው እንዲጠይቋት ሊድያም እኔም ጠበቅን። አቶ ዓለማየሁ አልጠየቁም። «ተመስገን» አሉና ስልኩን ዘጉ።