ጀማል የነፋው ጎማ

በእኛ ጊዜማ አሰላ ላይ ጎሚስታ መሆን ማለት ክንድ ማለት ነበር። አሁን እናንተ ማሽኑን ጫን ታደርጉትና ጎማው ከቸርኬው ይላቀቃል። እኛ በመዶሻና በብረት ነው፣ በጉልበት! ታዲያ ደርግ ጊዜ ነው፣ ብሔራዊ ውትድርና እያሉ ልጁን ከየገበያው የሚያፍሱበት ጊዜ፣ እና ታናሽ ወንድሜን ጀማልን ዲክሲስ ገጠር አክስታችን ጋ ደብቄዋለሁ። ደበቅኩት ብዬ ነው እንግዲህ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አዲስ ፒካፕ ጎማዋ ተንፍሶ እየተንፏቀቀች ደጄ ላይ ቆመች። ካድሬው ወረደና "ቶሎ በል ጓድ!" አለኝ። ቀና ስል ከኋላ ልጆች ታጭቀዋል፣ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች አሉ፣ እና መሀላቸው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ጀማል! ወላሂ ብረቱ ከእጄ ወደቀ። እሱ ግን በዓይኑ "ዝም በል" አለኝ።

እና ጎማውን ፈታሁት። ወይ ጉድ፣ የውስጥ ጎማ የለውም! ቲዩብለስ የሚሉት ነው፣ ያኔ እኛ አገር ብርቅ ነበር። ከቸርኬው አውጥቼ፣ ሚስማሩን ነቅዬ፣ ከውስጥ ለጥፌ መለስኩት። ችግሩ መመለሱ አይደለም፣ መንፋቱ ነው። ጠርዙ ከቸርኬው ጋር ካልገጠመ በዚህ ስትነፋው በዚያ ይወጣል። መላውን አውቀዋለሁ እኮ፤ ጎማውን ዙሪያውን በገመድ አንቀህ፣ ጠርዙን ሳሙና ቀብተህ፣ ሳታርፍ መንፋት ነው። ግን ለምን ብዬ! ቢመሽ ልጆቹ በጨለማ ያመልጣሉ ብዬ ገመዱን ላላ አድርጌ አሰርኩ። እነፋለሁ፣ ፍስስ ይላል፤ እነፋለሁ፣ ፍስስ ይላል። "ጓድ፣ ይሄ ናዝሬት ካልሄደ አይሆንም" አልኩት።

ካድሬው ዓይኑ ፈጠጠ። "ይሄ አሻጥር ነው! አንተንም ጭኜህ ነው የምሄደው!"

ይሄኔ ጀማል ከላይ ዘሎ ወረደ። "ጓድ፣ ሰውዬው ደክሞት ነው፣ እኔ ልንፋው!" ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሲያጠብቅ በጆሮዬ፣ "ኦቦ ወንድሜ፣ እማዬ ጋ አንዳችን እንኳ እንቅር" አለኝ። "ተው ጀማል፣ ተው" ብለው ማን ይስማኝ! እና ያንን የእጅ መንፊያ ያዘው፣ ልጄ፣ እንዴት ያለ ክንድ መሰለህ፣ ወረደ ተነሳ፣ ወረደ ተነሳ፣ ላቡ ሳሙናው ላይ ይንጠባጠባል፣ ታዲያ ጎማው ጧ! ብሎ ቸርኬው ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ ላይ ያሉት ልጆች አጨበጨቡ። የምትወስዳቸው መኪና ተሠራች ብለው እኮ ነው የሚያጨበጭቡት! ልጅ ምን ያውቃል። ካድሬውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "አብዮቱ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ክንድ ነው" አለና መልሶ ጫነው።

"ታዲያ አባባ፣ ጀማል ተመለሰ?" ነው የምትለኝ?

መኪናዋ ተመለሰች። እሱማ የት እንደወደቀ የነገረን የለም፣ እናቴም በር በሩን እያየች ሞተች። መኪናዋ ግን ተመለሰች፣ እና ያው ካድሬ ሌላ ጎማ ሊያስጠግን መጥቶ፣ ያንን የበፊቱን ጎማ በጫማው ነካ አድርጎ፣ "ይሄማ አንድ ቀንም አላስቸገረኝም። እጅህ ወርቅ ነው ጓድ!" አይለኝም? ወርቅ! የነፋው እጅ የኔ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ግን፣ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?

"አመሰግናለሁ ጓድ" አልኩት።