ከወንዙ ሥር የተዘጋው መስመር

በፈረንሳይ አገር «ሙሴ» ማለት «አቶ» ማለት ነው። ሙሴ አርማን ዴልፑሽ በዚያው አገር በሮን ወንዝ ዳር የከተመችው ከተማ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ዓመት አልሞላቸውም። ከዚያ በፊት ረጅም ዘመን የሕዝብ እንደራሴ፣ ጥቂት ጊዜም ሚኒስትር ነበሩ። ከወንበራቸው የወረዱበትን ምክንያት አገር ያውቀዋል። በምርጫ ሰሞን «የጎማው ፋብሪካ መዘጋቱ አይቀርም፤ ከወዲሁ እንዘጋጅ» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ተፎካካሪያቸው «እኔ እያለሁ አይዘጋም!» አለ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ የተመረጠው ግን ተፎካካሪው ነበር። ከዚያን ወዲህ ሙሴ አርማን ከእሳትም ከውኃም ይልቅ የሚፈሩት ሕዝብን ሆነ።

አንድ ዝናባማ የኅዳር ጠዋት መኪናቸው ሰልፈኛ መሀል ተቀርቅሮ ቢቀር፣ በእግራቸው ወደ ሜትሮው፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ወረዱ። ባቡሩ መጥቶ ሊሳፈሩ ሲሉ ትከሻ ለትከሻ የተጋፉት ከአንዲት ወጣት ጋር ነው፤ የራሳቸው ድርጅት የዋሻ መሐንዲስ፣ ሶሌን ባርታ። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ከወንዙ ሥር ያለው ግድግዳ ተሰንጥቋልና መስመሩ ይዘጋ» ብላ ስትሟገት፣ «ኮሚቴ ያጥናው» ብለው አፏን ያስያዟት እሷን ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ ክቡር ሚኒስትር? ዛሬ በሜትሮ?»

«ምነው ማድሞዋዜል፣ በገዛ ባቡሬ መሳፈር ተከለከልኩ እንዴ?»

ሶሌን አልሳቀችም። «አልተከለከሉም። እኔ እርስዎን ብሆን ግን በድልድዩ በእግሬ እሻገር ነበር።»

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

«ታዲያ አንቺ ለምን ተሳፈርሽ?» አሉ ሙሴ አርማን፣ ፈገግታቸው ሳያልቅ።

«ግድግዳውን ላየው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በየጠዋቱ እመላለሳለሁ። ስንጥቁ እየሰፋ ነው።»

ከወንዙ ሥር እንደደረሱ ባቡሩ ተንገጫገጨና ቆመ። መብራቱ ጠፋ። አንዲት ትንሽ የአደጋ መብራት ብቻ ከበሩ በላይ ቀላች። ሞተሩ ጸጥ ሲል ከውጭ የሆነ ነገር ይሰማ ጀመር፤ በመጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ፣ ቀጥሎም የማያቋርጥ ቀጭን ፍሳሽ። ሙሴ አርማን ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

ከድምፅ ማጉያው የነጂው ድምፅ መጣ፤ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ለጥቂት ጊዜ ቆመናል። ምንም ሥጋት የለም።»

«ሥጋት የለም ሲሉኝ ነው እኔ የምሰጋ» አሉ አንዲት አሮጊት። ባሮ ሽንኩርት የሞላ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።

ሙሴ አርማን ወደ ሶሌን ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። «ምንድን ነው የሚፈሰው?»

«ወንዙ» አለች። «ባቡሩን የሚያስቆመውን የምልክት ሽቦ ነክቶታል መሰለኝ።»

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማሻል።»

«ቢሰማስ?»

«ይደነግጣላ! ልጄ፣ አንቺ ሕዝብ አታውቂም። እኔ አውቀዋለሁ። እውነት የነገረውን ያባርራል፤ ያባበለውን ይሾማል።»

በሹማምንት ዘንድ ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ሕዝብ እንዳይደነግጥ እየተባለ፣ ሕዝብ እንዳያውቅ ይደረጋል። ያሳዝናል እንጂ፣ ልማዱን የሚከተሉት ሁሉ ክፉዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ እንደ ሙሴ አርማን አንድ ጊዜ የተቃጠሉ ናቸው።

«ክቡር ሚኒስትር፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች ሶሌን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔም እፈራለሁ። ግን ፍርሃቴን ለብቻዬ ብይዘው ማንን ያድናል?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ሚኒስትር? ሚኒስትር የነበሩት የሜትሮው ሹም እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ማዳም» አሉ ሙሴ አርማን በዝግታ።

«ዢኖ እባላለሁ። የታችኛው ሰፈር ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ፣ ወንዙ ሊሞላ መሆኑን ሹሞቹ ያውቁ ነበር። እንዳንሸበር ብለው ዝም አሉ። እህቴ ድንች ልታወጣ ምድር ቤት ወረደች፤ በዚያው ቀረች።» ማዳም ዢኖ ዘንቢላቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

ውኃው ይፈሳል። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«እውነቱን ብነግርዎና መስመሩን ብዘጋው» አሉ ሙሴ አርማን፣ «ዝናብ እየመታዎት አውቶቡስ ሲጠብቁ ይሰድቡኝ የለም?»

«እንዴታ! አጥብቄ ነዋ የምሰድብዎት!» አሉ ማዳም ዢኖ። «ስድብ ግን አያሰጥምም፣ ሙሴ።»

በዚያ ጨለማ ለሙሴ አርማን የታያቸው የምርጫው ማግስት አልነበረም፤ ድንች ልታወጣ የወረደችው ሴት ነበረች።

መብራቱ ብልጭ አለ፤ ባቡሩ እየተንፏቀቀ ወጣ። በማዶኛው ጣቢያ እግራቸው መሬት ሲነካ፣ ሙሴ አርማን ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን አወጡ። «መስመሩን ዝጉ። አሁን። ባዶ ባቡር እንኳ እንዳይገባ።» ከንቲባው ወዲያው ደውሎ ጮኸባቸው፤ ገበያው ሊሞት ነው፣ አንተም ተመልሰህ ልትወድቅ ነው አላቸው። እሳቸው ግን በጣቢያው ደረጃ ላይ ቆመው ለተሰበሰበው ሰው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ ቀድሞ ተነግሯቸው ችላ ማለታቸውን ሳይቀር።

«ፋብሪካችንን ዘጋህ፤ አሁን ደግሞ መንገዳችንን!» አለ የሥጋ ሻጭ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ። ሌላውም ተቀበለው። ሙሴ አርማን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የባሱ ነበሩ። ግድግዳው ባይፈርስ መሳቂያ እንደሚሆኑ ያውቃሉ። አንድ ጠዋት «ምነው በፈረሰ» ብለው ተመኙና በገዛ ልባቸው ደነገጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከገበያ በሚመለስበት ሰዓት፣ ሶሌን ደወለች።

«ገባ» አለች። «ወንዙ ገባ።»

«ሰውስ?»

«ማንም የለም። ዋሻው ባዶ ነው።»

ሙሴ አርማን ቢሯቸው ወለል ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለም? ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ሥርዓቱ ተለወጠ። የታየ ጉድለት ሁሉ በዕለቱ በየጣቢያው ይነገራል፤ ተሳፋሪውም ዋሻ ውስጥ ቢቀር በየት በኩል እንደሚወጣ ይለማመዳል። የሚያውቅ ሰው መፍራቱ ባይቀርም እርስ በርሱ አይረጋገጥም፤ መንገዱን ይመርጣል። ሠራተኛውም ስንጥቅ ሲያይ ቁጣ ፈርቶ ዝም አይልም፤ ትንሹ ሳይተልቅ ይጠገናል። በየሱቁ ይናፈስ የነበረው አሉባልታም ሰሚ አጣ።

መስመሩ ታድሶ በተከፈተ ቀን ሕዝቡ ጣቢያውን ሞላው። ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቢጠብቅም ቀድሞ የሚገባ ጠፋ። ያ ሥጋ ሻጭ ከሰው መሀል ወጣ።

«ሙሴ ዴልፑሽ፣ አሁንስ ያስፈራል?»

የባቡሩ በር ላይ የቆሙት ሙሴ አርማን ወደ ዋሻው አፍ ተመለከቱ። «እኔን ያስፈራኛል። ግድግዳው አዲስ ነው፤ ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። በየቀኑ እናየዋለን፤ ያየነውንም እንነግርሃለን።»

ሰውዬው ፊታቸውን ትኩር ብሎ አየ።

«እንግዲያው ጠጋ ይበሉልኝ» አለና ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት።