የበረኛዋ ማልያ

የሱሪዬን ዚፕ ላስቀይር ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሱቅ ጎራ ያልኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ቤት ለወትሮው ሳቅ አይጠፋም፤ ያን ቀን ግን ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው ቂም እንደያዘችበት ሰው ነበር። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ነርሷ ታናሽ እህቷ ሕፃን ልጇን አዝላ ገባች። እኔን ስታይ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝና ወደ እህቷ ዞረች።

«እታለም፣ ማልያዎቹ ደረሱልሽ? ነገ ጠዋት ጨዋታ አለን።»

«ደርሰዋል። ልጅሽን ግን ከነገ ጀምሮ ሌላ የሚይዝልሽ ፈልጊ።»

ነርሷ ከወለደች ወዲህ ጥላው የነበረውን እጅ ኳስ በቅርቡ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እንደገና ጀምራለች። እሁድ እሁድ ሜዳ ስትሄድ ሕፃኗን የምትይዝላት ይህችው ታላቅ እህቷ ናት፤ የነርሷ ባል ሹፌር ነው፣ የእሁድ እንቅልፉን የሚነካበት የለም። እንግዲህ ታላቅየዋ እምቢ ካለች ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ክርክር ሲነሳ ወንበር ስቤ የመቀመጥ አመል አለብኝ። ተቀመጥኩ።

«ምን አጠፋሁ፣ እታለም?»

«እናት ነሽ! እናት በቁምጣ ስትዘል ሰው ምን ይላል? የወለደች ሴት የሚያምርባት ልጇን ስታቅፍ ነው።»

«ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ አቅፌያት አይደል እንዴ የማመሸው?»

«ይቅርታ አድርጊልኝና» አልኳት ታላቅየዋን፣ «አንቺ ራስሽ በተማሪነትሽ ስመ ጥር በረኛ አልነበርሽም?»

«የድሮውን ተዉት፣ መምህር። ልጄን ስወልድ ተውኩት። ሞትኩ? አልሞትኩም። አሳደግኩ፣ ዳርኩ።»

«ታዲያ ምን ቀረብሽ?»

«ምንም!» አለችና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው።

ምንም ያልቀረበት ሰው መቀስ አያጋጭም። ቅናት የምክር ልብስ ለብሶ ሲመጣ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ነርሷ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠቻት። «ሆስፒታል ሲስተር ነኝ። ቤት የሚጢ እናት ነኝ። አንቺ ዘንድ ታናሽሽ ነኝ። አንዱንም አልጠላሁም፣ እታለም። ግን ከወለድኩ ወዲህ መስታወት ፊት ስቆም የማያት ሴትዮ ማን እንደሆነች ይጠፋኝ ነበር። ኳሷ እጄ ላይ ያረፈች ቀን፣ ለካ እዚህ ነበርኩ አልኩ። ቤት ስመለስ ሚጢን የማቅፋት በሙሉ ልቤ ነው። ድሮ የማቅፋት ሰዓቴን እያየሁ ነበር።»

«በይ ማልያሽን ያዢና ሂጂ» አለች ታላቅየዋ፣ ፌስታሉን ወደሷ እየገፋች።

ነርሷ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። እጅጌው ረጅም የሆነው የበረኛዋ ማልያ ላይ ስትደርስ ግራ ገባት። «ይሄ የማነው? በረኛችን እኮ ቀጭን ናት፤ ልኳን ሰጥቼሽ ነበር። ይሄ ሁለት እሷን ያስገባል።»

ልብስ ሰፊዋ ነጥቃ ሜትሯን ትከሻው ላይ፣ ቀጥሎ ደረቱ ላይ አሳረፈች። በልክ ስታ የማታውቅ ባለሙያ ናት። ፊቷ ቀላ።

«በማን ልክ ቆረጥሽው?» አልኳት።

«በራሴ» አለች። «በእውነት ሳላውቀው ነው።» ከዚያ ማልያውን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። «ቀናሁብሽ፣ እህቴ። አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ። ያለፈው እሁድ ልጅሽን ይዤ ከሜዳው አጥር ጀርባ ሳይሽ ነበር። ጎል አግብተሽ ጓደኞችሽ ብድግ አድርገው ሲሸከሙሽ ልጅቷ ታጨበጭባለች፣ እኔ አርራለሁ። ለእኔ ጊዜ ልጄን ማን ያዘልኝ አልኩ።»

«እኔስ ባንቺ አልቀናም መሰለሽ?» አለች ነርሷ። «ልወስዳት ስመጣ አንገትሽን አንቃ እማዬ የምትለው አንቺን ነው። ኳሱን ልተወው እላለሁ፤ ከተውኩት ደግሞ ያቺን ሴትዮ መልሼ ላጣት ነው።»

ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ግን ተናደድኩ።

«እናንተ እዚህ እርስ በርሳችሁ ስትቃጠሉ የልጅቷ አባት ተኝቷል! አባት የላትም ይቺ ልጅ?»

«ደክሞት እኮ ነው፣ መምህር» አለች ነርሷ።

«ሌሊት ተረኛ አድረሽ ስትመጪ አንቺ አይደክምሽም? የሁለታችሁም ቅናት ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። የአንድ ቤት ሸክም በሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ስለተጫነ፣ አንዷ ቀና ስትል ሌላዋ መጉበጥ ግድ ሆነባት። እሱ ልጁን ይያዝ፤ አንቺ ደግሞ» አልኩ ወደ ታላቅየዋ ዞሬ፣ «ይህን ማልያ ልበሺ።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ጉልበትሽን ያደረቀው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ መዋልሽ ነው።»

«በረኛችንም ጎል ላይ መቆም ሰልችቷት መሀል አጫውቱኝ እያለች ነው» አለች ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች።

ታላቅየዋ ወደኔ ዞረች። «ሰው ቢስቅብኝስ?»

«እኔ ቀድሜ እስቃለሁ፤ ከዚያ ሌላው ያፍራል።»

ነርሷ ያን ማታ ቁርጡን ነግራው፣ ሹፌሩ በማግስቱ ሕፃኗን ታቅፎ፣ ጡጦ በኪሱ ወሽቆ፣ እያጉረመረመ ሜዳ መጣ። ወራት ሲያልፉ ማጉረምረሙ ቀረ፤ ልጁ ምን እንደምትወድ፣ ስታለቅስ ምን እንደሚያባብላት አወቀ። ማልያውን ለብሳ ጎል ላይ የቆመችው ልብስ ሰፊ የጉልበት ሕመሟ ለቀቃት፣ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ሱቋም ወደ ቀድሞ ሳቁ ተመለሰ። ነርሷም ቤቷ ስትገባ ፊቷ የተፈታ ሆነ። እናትነታቸው አልጎደለም፤ ይልቅ እናት የሆኑት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ለልጆቻቸውም ታወቀ።

ባለፈው እሁድ ጨዋታው ሲጋል ሚጢ ሜዳው ዳር ወደቀችና ጮኸች። ነርሷ ኳሱን ጥላ፣ በረኛዋም ጎሏን ትታ እጃቸውን ዘርግተው ሮጡ። ልጅቷ በሁለቱ መሀል ሾልካ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እህትማማቾቹ ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ፤ የሁለቱም ፊት እኩል ጠቆረ።

«አሁን ደግሞ በእሱ እንቅና?» አለች ነርሷ።

«ከጨዋታው በኋላ እንቀናለን» አለች ታላቅየዋ፣ ወደኋላዋ እየሮጠች። «ጎሌ ባዶ ነው!»