የአለቃ ክንፈን መጽሐፍ ስለ መክፈት

በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. በጥር ወር ከከላላ ገበያ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ የመካነ ሰላሙን አቶ ገበየሁን መንገድ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን አንድ ነገር ጋቢያቸው ውስጥ አቅፈዋል። እኔ መምህር ነኝና ያልተጠየቅሁትን መምከር ይቀናኛል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? ወዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ወደ ዓባይ በረሃ ልወርድ ነው። ከከተማ የመጡት ዘማች ተማሪዎች አሮጌ ነገር ሁሉ ይወስዳሉ አሉ። የአለቃን መጽሐፍ ዋሻ ውስጥ ልቀብረው ነው።»

ደነገጥሁ። አለቃ ክንፈ የአቶ ገበየሁ ቅድመ አያት ነበሩ። ሌላው ሊቅ በግእዝ ሲጽፍ፣ እሳቸው ገበሬው እንዲሰማቸው ብለው ስለ ነፍስና ስለ ሕሊና በአማርኛ ጻፉ ይባላል። «እምነት ጥያቄን አይፈራም» ስላሉ ከደብራቸው ተባረሩና የሰው ማሳ እየጠበቁ ጽፈው ጨረሱት። ሲሞቱ ያባረራቸው አገር መጽሐፉን መሳለም ጀመረ። የከፈተው ሰው ዘሩ ይጠፋል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የቆዳ ማኅደሩ እየታጠበ እጣቢውን በሽተኛ ይጠጣዋል። ሌላ ግልባጭ የለውም።

«አባቴ፣ ከቀበሩት እኮ ምስጥ ይበላዋል።»

«ከሰው እጅ ምስጥ ይሻለኛል።»

«ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

«ተከፍቶ አያውቅ፣ በምን አውቄ!»

«አለቃ በብርድ ቁጭ ብለው የደከሙት እንድናነበው ነው እንጂ እንድንጠጣው ነው እንዴ?»

ሊስቁ ሲሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«አልታየች የምትባለው ሴት ልጄም እንዲህ ትለኝ ነበር። መካነ ሰላም ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ‹ልክፈተውና ላንብብልዎ› ብትለኝ በዱላ አባረርኋት። በካቻምናው ክፉ ቀን እናቷን ቀበርን፤ እሷም እህል ፍለጋ በአቀስታ አድርጋ ወጣች። ኩታበር አየኋት ያለኝ ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። ጧት ጧት ደጅ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ናፍቆቷ ገደለኝ ልጄ።»

«አብሽሩ አባቴ፣ ትመጣለች።»

«ታዲያ እንዴት ልክፈተው? ዛሬ ከፍቼው እዚያ ማዶ ብትሞትብኝስ?»

ፍርሃታቸው ያን ጊዜ ገባኝ። በእውቀቴ ስመጻደቅ የቆየሁት ሰውዬ አፈርሁ። ቢሆንም ዝም ብል መጽሐፉም ይጠፋል፣ እሳቸውም ከነፍርሃታቸው ይኖራሉ።

«አባቴ፣ መጽሐፍ ተዘግቶ አይጻፍም። አለቃ ሲጽፉት ስንት ዓመት ክፍት ነበር! ዘር የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ከየት መጡ?»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ማኅደሩን ከአንገታቸው አውልቀው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«በል ክፈተው። እኔ ግን ወዲያ ዞሬ ልስማው።»

የማኅደሩ ጠፍር ደርቆ ነበርና ታገለኝ። ከመካከል ገልጬ አነበብሁ፤ «ጥያቄ የነፍስ ረሃብ ነው። የሚጠይቅህን እንደ ራበው እንግዳ ቤት አስገባው እንጂ በዱላ አትመልሰው።»

«ድገመው» አሉኝ። ደገምሁላቸው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም አለቀስሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ያከበርነውን ነገር መደበቅ ማክበር ይመስለናል። መጽሐፍ ቢገለበጥ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተርፋል፤ ልጆቻችንም የአያቶቻቸውን ጥበብ በገዛ ቋንቋቸው ይማራሉ። በሽተኛውም የቆዳ እጣቢ መጠጣቱን ትቶ ክሊኒክ ይሄዳል።

ወደ መካነ ሰላም አብረን ስንመለስ መጽሐፉን እንደምገለብጥላቸው ነገርኋቸው። አቶ ገበየሁ ድንገት ቆሙ።

«ስንት ትገለብጣለህ?»

«ሁለት፤ አንዱን ለደብሩ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ።»

«አይበቃም። ለአቀስታም፣ ለኩታበርም፣ ለደሴም ጻፍልኝ። በሄደችበት መንገድ ሁሉ ይነበብ። የሰማች እንደሆነ አባቷ እንደከፈተው ታውቃለች።»